ጉድጓዱን ማን ይቀበለው?

መካኒኩ ግራይንደሩን ሶኬት ላይ ሰክቶ፣ ከዲኤክሳችን ያወጣውን የኋላ ሞላ በእግሩ ረግጦ፣ ሊቆርጥ ጎንበስ ካለ በኋላ ቀና አለ።

«መኪናው ላይ ማን ነው የሚቀመጠው?»

«እኔ» አልኩ።

«አንተ ብቻ?»

«አንዳንዴ እናቴም።»

ግራይንደሩን መሬት ላይ አስቀመጠው። «እንግዲያው እሳቸውን ጠይቀህ ና፤ ያኔ እቆርጥልሃለሁ» አለኝ።

ሳቅኩ። የቀለደ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን እጁን በጨርቅ ጠርጎ ወደ ሌላ መኪና ሄደ። እኔ ክሪክ ላይ ከተሰቀለው መኪናችን አጠገብ ቆሜ ቀረሁ። የዘይት ለውጥ ልጠይቀው የመጣሁ ይመስል ስልኬን አውጥቼ መነካካት ጀመርኩ። አንድ ሰው ትክክለኛ ጥያቄ ሲጠይቀኝ የማደርገው ነገር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ ጥቂት ልጆች ነን። በወር አንዴ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከሐዋሳ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ጠፍ ሜዳ ላይ ባለቤቱን አስፈቅደን እንሰበሰባለን። ቢጫ ጀሪካኖች ነፋስ እንዳይወስዳቸው እስከ ግማሽ ውሃ ሞልተን በተርታ እንደረድራለን። አንድ መኪና ብቻ ይገባል። በጀሪካኖቹ መሃል እየተጠማዘዘ ይሄዳል፣ ጫፍ ላይ ዞሮ ይመለሳል፤ ሌላው በስልኩ ሰዓት ይይዛል። ጀሪካን የገጨ ሁለት ሰከንድ ይጨመርበታል። የመጨረሻ የወጣ ለሁሉም ማኪያቶ ይጋብዛል። ሌላው ዓለም ላይ ይሄ ጨዋታ ስም አለው፤ አውቶክሮስ የሚሉት አሉ፣ ጂምካና የሚሉትም አሉ። ኮን ይደረደራል፣ ኢንሹራንስ ይገባል፣ አምቡላንስ ዳር ይቆማል። እኛ ጋ ያለው ሄልሜት አንድ ነው፤ እሱንም ሞተር ከሚነዳ ጓደኛችን ነው የምንዋሰው።

በዚያው ሌላ ዓለም ለዚህ ጨዋታ የሚሆን ርካሽና ቀላል የስፖርት መኪናም አለ። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1957 ሎተስ ሰቨንን ሠሩ፤ ጣሪያ የለው፣ በር የለው፣ አራት ጎማና ሞተር ነው ማለት ይቻላል። ጃፓኖች እ.ኤ.አ. በ1989 ማዝዳ ኤምኤክስ-5ን አመጡ፤ ዛሬ አሮጌውን ርካሽ ገዝቶ ቅዳሜና እሑድ የሚወዳደርበት ሰው በየአገሩ ሞልቷል። እኛ አገር ‹ርካሽ መኪና› የሚባል ነገር የለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን ከበደ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ተከለከለ፤ እናም አርባ ዓመት የሞላው ኮሮላ በየዓመቱ ዋጋው ይጨምራል። ስለዚህ የእኛ የስፖርት መኪና ዲኤክስ ነው። አንድ ቶን የማይሞላ፣ የኋላ ጎማው የሚገፋው፣ ማንኛውም መካኒክ ዓይኑን ጨፍኖ የሚፈታው። አብዛኛው ወጣት ‹ዲኤክስ› የሞዴሉ ስም ይመስለዋል፤ ‹ዴሉክስ› ለማለት ነው። የምቾት ደረጃው ነው። አባቱ ምቾት ብሎ የገዛውን መኪና ልጁ ምቾቱን ሊያወጣለት ይታገላል።

መኪና የማይወድ አንባቢ እዚህ ጋ ትንሽ ይታገሰኝ። መካኒኩ ያነሳው ጥያቄ የሚገባው ሞላ ምን እንደሚሠራ ሲታወቅ ነው።

‹ሞላ› የጣልያን ቃል ነው። ፍሪሲዮን፣ ፍሬን፣ ኩሽኔታ፣ ባሌስትራ፣ ሁሉም ጣልያን ናቸው፤ ጋራዥ ውስጥ አማርኛ የምናወራ ይመስለናል እንጂ። ሞላው መኪናውን ይሸከማል፣ ጎማው ጉድጓድ ሲገባ ይተጣጠፋል። ከጎኑ ያለው ሾክ አብዞርበር ደግሞ መኪናው እንደ ኳስ ሲነጥር እንዳይቀር ያንን እንቅስቃሴ ይዞ ወደ ሙቀት ይቀይረዋል። ሞላ ስትቆርጥ ሁለት ነገር ታደርጋለህ። አንደኛ መኪናው ዝቅ ይላል። ሁለተኛ፣ ብዙ ሰው የማያስበው፣ የቀረው ሞላ ይጠነክራል። ስድስት የሚሠራ ጥቅል ያለውን ሞላ አንዱን ብትቆርጥ የቀረው አምስቱ በ20 በመቶ የጠነከረ ሞላ ነው። ብረቱ ሳይለወጥ፣ ያው ብረት ነው፤ የሚተጣጠፍበት ርዝመት ብቻ ነው ያነሰው። በእሳት አሙቀው ዝቅ የሚያደርጉም አሉ። እሱ የብረቱን ጥንካሬ ስለሚያበላሽ አታድርጉት፣ ሌላ ምክር የለኝም።

አሁን ወደ ኩርባ እንግባ። መኪና ወደ ግራ ሲታጠፍ ክብደቱ ወደ ቀኝ ጎማዎች ይሄዳል። እኔ ለዓመታት ሞላ ሲጠነክር ይሄ የክብደት ሽግግር የሚቀንስ ይመስለኝ ነበር፤ ምክንያቱም መኪናው ወደ ጎን ማዘንበሉ ሲቀንስ ይታያል። ትክክል አይደለም። የሚሸጋገረው ክብደት የሚወሰነው መኪናው ስንት ኪሎ እንደሆነ፣ በምን ያህል ኃይል እንደታጠፈ፣ የክብደቱ መሃል ከመሬት ስንት ከፍ እንዳለ፣ በግራና በቀኝ ጎማ መካከል ስንት ርቀት እንዳለ ነው። ሞላ እዚህ ሒሳብ ውስጥ ከሞላ ጎደል የለበትም። 1,000 ኪሎ የሚመዝን፣ የክብደቱ መሃል 50 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ያለ፣ በጎማዎቹ መካከል 1.3 ሜትር ያለው መኪና የስበትን 0.7 ያህል ኃይል ይዞ ሲታጠፍ 270 ኪሎ ያህል ወደ ውጭ ጎማዎች ይሄዳል። አራት ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብታደርገው 248 ይሆናል። ይሄ ሁሉ ልፋት አንድ ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን ውሃ ያህል ነው።

ታዲያ ሞላ ምን ያደርጋል? ያከፋፍላል። የኋላውን ካጠነከርክ ከዚያ 270 ኪሎ ውስጥ የኋላ ጎማዎች ድርሻ ይበዛል፣ የፊቶቹ ያርፋሉ። ጎማ ደግሞ ሸክም ሲበዛበት የመያዝ አቅሙ በዚያው ልክ አይጨምርም፤ ስለዚህ ብዙ የተሸከመው ወገን ቀድሞ ይለቃል። የኋላው ሲለቅ መኪናው ቶሎ ይዞራል። እኔ የፈለግኩት ይሄንን ነው፤ ጀሪካን ላይ ቶሎ የሚዞር ጭራ።

ይሄን ያነበብኩ ቀን ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም ብል ግነት ይሆናል። ግን አንድ ነገር ገባኝ። ሸክሙን ማጥፋት አይቻልም። የምትወስነው ማን እንደሚሸከመው ብቻ ነው። ጉድጓዱም እንደዚያው ነው። ለስላሳ ሞላ ጉድጓዱን ራሱ ይቀበለዋል፣ በዋጋው ደግሞ መኪናው ኩርባ ላይ ይንጋደዳል። ጠንካራ ሞላ መኪናውን ቀጥ አድርጎ ይይዛል፣ ጉድጓዱን ግን ወደ ወንበሩ ያሳልፈዋል። ወንበሩ ላይ ያለው ወገብ የማን ነው? መካኒኩ የጠየቀኝ ይሄንን ነበር፤ እሱ ያለ ሒሳብ ነው የደረሰበት።

ጆን ስቱዋርት ሚል እ.ኤ.አ. በ1859 ባሳተመው የነፃነት መጽሐፉ ላይ የሚከራከረው፣ ሰው ሌላውን እስካልጎዳ ድረስ በራሱ አካልና በራሱ ሕይወት ላይ የሚያደርገውን ማንም ሊከለክለው አይገባም ብሎ ነው። የመኪና ልጆች ሁላችንም ሚልን ሳናነብ ሚላውያን ነን። «የራሴ መኪና ነው፣ ምን አገባህ?» እንላለን። ችግሩ ‹የራሴ› የሚለው ቃል ላይ ነው። ሐዋሳ ውስጥ የራሱ ብቻ የሆነ መኪና ያለው ወጣት ስንት አለ? የእኛ ዲኤክስ ሊብሬው ላይ ያለው የእናቴ ስም ነው። ሠርግ ሲኖር የሙሽራ ዘመድ ያመላልሳል፣ የታመመ ጎረቤት ሆስፒታል ያደርሳል፣ የአክስቴን ጤፍ ይጭናል። እኔ ራሴ ያልኳቸው ሰዎች ሁሉ በዚያ ሞላ ላይ ድምፅ አላቸው። ሚል ያሰበው ሰው ብቻውን ቤት ያለው ነው፤ የእኔ መኪና ግን እንደ ሳሎናችን ነው፣ ማንም ይገባል።

«በቃ ተወው፣ ይሄ ቅንጦት ነው» የሚሉኝ አሉ፤ አንዳንዴ እኔም ለራሴ እለዋለሁ። ነዳጅ እንዲህ በሆነበት፣ ጓደኞቼ ሥራ ፍለጋ ከአንዱ ፋብሪካ ወደ ሌላው በሚዞሩበት ከተማ ጀሪካን መዞር ምን የሚሉት ሥራ ነው? ይሄን ክርክር በቁም ነገር ነው የምወስደው፣ ግን አልተሸነፍኩለትም። ጨዋታ የጠገበ ሕዝብ ፈጠራ አይደለም። አያቶቻችን ጉግስ ይጫወቱ ነበር፤ ፈረስ ለዚያ ዘመን ሰው ከዲኤክስ የበለጠ ውድ ነገር ነበር፣ ዱላውም እውነተኛ ዱላ ነው። በገና ጨዋታ ላይ ጌታው ቢመታ እንኳ አይቆጣም ይባላል። እስቲ አስቡት፤ በዓመት ለአንድ ቀን፣ በአንድ ሜዳ ላይ፣ ማን ማንን መምታት እንደሚችል የሚወስነው ሕግ ይቀየራል። በርናርድ ሱትስ የሚባል ፈላስፋ እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመው ‹ፌንጣዋ› በተሰኘ መጽሐፉ ተጫዋች ማለት ቀላሉ መንገድ እያለ ከባዱን ወዶ የሚመርጥ ነው፣ ያንን ከባድ መንገድ የሚሠራለት ደግሞ ሕጉ ነው ብሎ ይሟገታል። ከጀሪካኖቹ በዳር ዞሬ ብሄድ በአምስት ሰከንድ እደርሳለሁ። አልሄድም። ያ አለመሄድ ነው ጨዋታው።

ግን ጉግሱም ገናውም ሜዳ አላቸው። ሜዳው ውስጥ የገባ ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል። ሜዳው ወሰኑን ሲያጣ ምን እንደሚመጣ የመኪና ስፖርት በከባድ ዋጋ ነው የተማረው። እ.ኤ.አ. በ1955 ለማን ላይ፣ ፈረንሳይ፣ አንድ መርሴዲስ ከሌላ መኪና ተጋጭቶ ቁርጥራጩ ተመልካቹ ውስጥ ገባ፤ ከ80 ሰው በላይ ሞተ። ስዊዘርላንድ ከዚያ በኋላ የሰርኪት የመኪና ውድድርን ለአሥርት ዓመታት ከለከለች። የሞቱት ሰዎች ትኬት ቆርጠው ነው የመጡት፣ ሊያዩ እንጂ ሊሞቱ አልነበረም። የእኛ ሜዳ ላይ ተመልካች ከጀሪካኑ ሠላሳ እርምጃ እንዲርቅ የምንጨቃጨቀው ለዚህ ነው፤ ልጆች ሁሌም ቀረብ ይላሉ፣ ሁሌም እንመልሳቸዋለን። መንገድ ላይ የሚወዳደሩትን፣ ማታ አስፋልቱ ነፃ ሲሆን የሚፈተለኩትን፣ ጓደኞቼ ቢሆኑም፣ አልከላከልላቸውም። ባጃጁ ውስጥ ያለችው ሴትዮ ጨዋታ ውስጥ መሆኗን ማን ነገራት?

ሌላም ነገር አለ፤ ትንሽ የሚያሳፍር ነው። መኪና ዝቅ ማድረግ ለምን ፈለግን? ብዙዎቻችን የተማርነው ከጃፓን ነው። ‹ኢኒሻል ዲ› የሚባለው ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1995 በሥዕል መጽሐፍ ጀምሮ፣ በኋላ አኒሜ ሆኖ እኛ ስልክ ድረስ መጣ። እዚያ ታሪክ ውስጥ ያለው መኪና የዲኤክሳችን የቅርብ ዘመድ ነው፣ ኮሮላ ኤኢ86። ሁላችንም ያየነው ልጁ በተራራ ኩርባ ላይ ጭራውን እያንሸራተተ ሲወርድ ነው። ያላየነው ልጁ ሥራ ላይ መሆኑን ነው። የአባቱን ቶፉ ሆቴል ያደርሳል፣ አባቱ በብርጭቆ ውሃ ያስቀምጥለታል፣ ውሃው መፍሰስ የለበትም። ያ ሁሉ ችሎታ የመጣው የሚሰበር ነገር ይዞ ከመሄድ ነው። እኛ ፍጥነቱን ወስደን ብርጭቆውን ተውነው።

የጃፓን አስፋልት ደግሞ የእኛ አይደለም። ለእኛ የሚቀርበው ጎረቤታችን ኬንያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 የጀመረው ሳፋሪ ራሊ ላይ የሚያሸንፉት መኪናዎች ዝቅ ያሉ አልነበሩም፤ ከፍ ያሉ፣ ሞላቸው ረጅም መንገድ የሚተጣጠፍ፣ ሆዳቸው በላሜራ የተሸፈነ ነበሩ። ጆጊንደር ሲንግ እ.ኤ.አ. በ1965 ያሸነፈው ቀድሞ በተወዳደረ አሮጌ ቮልቮ ነው። ድንጋይና ጭቃ ላይ ፈጣኑ መኪና ጉድጓዱን የሚቀበለው ነው፣ የሚመልሰው አይደለም። ይሄን እያወቅኩም ዝቅ ያለ መኪና ሳይ ልቤ ይመታል። ቁንጅና ክርክር አይሰማም።

ወደ መካኒኩ ልመለስ። በማግስቱ ሄድኩና «ጠየቅኳት፣ እሺ ብላለች» አልኩት። አልጠየቅኳትም። ፊቴን አየኝ፤ ያመነኝ አይመስለኝም። «እንደዛ ከሆነ ይሄን አልቆርጥም፤ ሌላ አሮጌ ጥንድ ፈልግና እሱን እንቆርጣለን፣ የእናትህን አስቀምጠው» አለ። የእናትህን አለ፣ ልብ በሉ። ከአሮጌ ዕቃ ተራ ሌላ የኋላ ጥንድ አገኘሁ፤ ቆረጠልኝ። የፊቱን አልነካንም። ዋናዎቹን ሞላዎች በማዳበሪያ ጠቅልዬ አልጋዬ ሥር አስገባሁ። ለራሴም ሕግ አወጣሁ፤ ቅዳሜ ጠዋት የተቆረጠው ይገባል፣ ቅዳሜ ማታ ይወጣል። ሰኞ መኪናው የእናቴ ነው። ፍትሐዊ መስሎኝ ነበር፣ እውነት ለመናገር ኮርቼበትም ነበር። በዚህ ዘዴ ማንንም ሳልጠይቅ ማንንም ሳልጎዳ መጫወት እችላለሁ።

ሦስት ወር ሠራ። በአራተኛው ቅዳሜ ሜዳው ላይ መሸብኝ፣ ደከመኝ፣ ክሪኩን ማየት አስጠላኝ። «ነገ እሑድ ነው፣ የትም አንሄድም» ብዬ ተኛሁ። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ስልክ ጮኸ። ይርጋለም ያሉ የእናቴ የአጎት ልጅ አርፈው ነበር።

ሐዋሳና ይርጋለም ሩቅ አይደሉም፤ በዲላ መንገድ ወርደህ አፖስቶ ላይ ትታጠፋለህ። ያን ቀን ግን ረዘመብኝ። እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከጎኔ ተቀምጣለች፣ ኋላ ሁለት ጎረቤቶች አሉ። እያንዳንዱ ጉድጓድ ቀጥታ ወንበሩ ላይ ይመጣል። ሁለቱ ሴቶች ኋላ «እግዚኦ» ይላሉ። እናቴ ምንም አትልም፤ ከበሩ በላይ ያለውን እጀታ በሁለት እጇ ይዛለች። የወገብ ሕመም አለባት፣ ይሄን ቀድሜ መናገር ነበረብኝ።

ስንመለስ ዝናብ ጣለ። አንድ ባጃጅ ድንገት ከዳር ወደ መንገዱ ሲገባብኝ መሪውን አዞርኩ፤ የመኪናው ጭራ ወጣ። ሜዳው ላይ የምወደው፣ የከፈልኩበት፣ ያ ጭራ። አራት ሰው ጭኖ፣ እርጥብ አስፋልት ላይ። መለስኩት። ከአንድ ሰከንድ በላይ አልፈጀም፣ ባጃጁም አልተነካም፣ ነጂው ምናልባት አላየንም። ኋላ ያሉት «ጎበዝ ሹፌር!» አሉኝ። ምስጋናውን ተቀበልኩ።

ቤት ስንደርስ እናቴ በሩን ይዛ ቀስ ብላ ወረደች። ቀና ለማለት ጊዜ ወሰደባት። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «መንገዱን ምን አድርገውት ነው? ድሮ እንዲህ አልነበረም» አለች።

«አዎ፣ ተበላሽቷል» አልኳት።

ብዙ ያሰብኩበት ይሄ መልስ ነው። ሞላውን አለመቀየሬ ስንፍና ነው፣ ለመካኒኩ መዋሸቴ ውሸት ነው፣ ሁለቱም ስም አላቸው። እናቴ ግን ሕመሟን ይዛ ምክንያቱን ስትፈልግ መንገዱን ነው ያገኘችው፤ መንገድ ሁሌም ይወቀሳል፣ መልስም አይሰጥም። እኔ በመንገዱ ጀርባ ተደበቅኩ። ሸክሙን ወደ እሷ ያሳለፍኩት ሳያንስ፣ ከማን እንደመጣ የማወቅ መብቷንም ወሰድኩ። ካላወቀች ደግሞ እምቢም እሺም ማለት አትችልም። «ጠይቀህ ና» ማለት ለካ ይሄ ነው። መካኒኩ መልሷን አልነበረም የፈለገው፤ መልሷ ‹እሺ› እንደሚሆን እሱም ሳያውቅ አይቀርም፣ የሐበሻ እናት ናት። መጠየቋን ነው የፈለገው።

ያን ማታ በባትሪ መብራት ሞላዎቹን ቀየርኩ። አራት ቀን ግን ምንም አልተናገርኩም። ሐሙስ ቡና እያፈላች አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«እማዬ፣ የእሑዱ መንገዱ አልነበረም። እኔ ነኝ። የመኪናውን ሞላ ቆርጬ የተቆረጠውን አስገብቼበት ነበር፤ ሳላወጣው ነው የሄድነው። መካኒኩ ጠይቃት ብሎኝ ነበር፣ ጠየቅኳት ብዬ ዋሸሁት።»

ጀበናውን ከከሰሉ አነሳች።

«ለምንድነው የሚቆረጠው?»

«ለጨዋታ። ቅዳሜ ቅዳሜ እንወዳደራለን፣ ሜዳ ላይ።»

ቀዳች። የእኔን ስኒ ገፋ አደረገችልኝ። ዝም ያለችው ረጅም ጊዜ ነው፤ እኔም አልሞላሁትም።

«ታዲያ አሸነፍክ?»

«ሁለት ጀሪካን ገጨሁ።»